ለእንቁላሉ እሰየው፣ ለጫጩቱ ግን ጠባብ፦ በውጭ የሚንጠለጠለው የኮሪዶራስ ማራቢያ ሳጥን

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው እዚሁ ይበቃዋል። በአኳሪየም ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል የሚንጠለጠለው፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራው ግልጽ የማራቢያ ሳጥን የኮሪዶራስን፣ የትንሹን የአኳሪየም ዓሣ፣ እንቁላል ለማስፈልፈል እስካሁን ከሞከርኳቸው ዕቃዎች ሁሉ ይበልጣል። ጫጩት ለማሳደግ ግን የተወራለትን ያህል አይደለም። ካርቶኑ ላይ ሁለቱንም ይሠራል ተብሎ በደማቅ ቀለም ተጽፏል፤ ግማሹ እውነት ነው።

የአምራቹን ስም አልጠቅስም። ቅርጹ አንድ ሆኖ ስሙ ብቻ የሚለያይ ሳጥን በየቦታው ስለሚሸጥ የምለው ከሞላ ጎደል ለሁሉም ይሠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ሊትር ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን በመንጠቆ ከአኳሪየሙ ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል። ከአንዱ ጥግ አንድ ቱቦ ወደ አኳሪየሙ ውሃ ይወርዳል። ፓምፑ አየር ወደዚህ ቱቦ ግርጌ ሲነፋ፣ ወደ ላይ የሚሮጠው አረፋ ውሃውን እየገፋ ያወጣውና ሳጥኑ ውስጥ ያፈሰዋል። የተረፈው ውሃ በሌላኛው ጫፍ ባሉት ቀጫጭን ስንጥቆች አልፎ ተመልሶ ወደ አኳሪየሙ ይወርዳል። ማሞቂያ የለውም፣ የራሱ ፊልተርም የለውም፤ ሁለቱንም የሚያበድረው ዋናው አኳሪየም ነው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ ለብቻው ቢቀመጥና ምግብ ቢገባበት ወዲያው ይበላሻል፤ ይሄኛው ግን ከትልቁ ውሃ ጋር ሳያቋርጥ ስለሚለዋወጥ እንቁላሉ እናትና አባቱ በለመዱት ውሃ ውስጥ ይቆያል። እርግጥ የዋናው ፊልተር ገና አዲስ ሆኖ ቆሻሻ የሚያብላላ ባክቴሪያ ያልያዘ ከሆነ፣ ሳጥኑ ከዓሣ ኩስ የሚመጡትን መርዞች፣ አሞኒያውንም ናይትራይቱንም፣ እንዳለ ተቀብሎ ለጫጩቶቹ ያደርስላቸዋል። ሳጥኑ ውሃ አያጸዳም፤ ያመላልሳል እንጂ።

መግጠሙ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ሁለት ነገር ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ እናንተ ጨምሩበት። አንደኛው የአየሩን መጠን የምትቆጣጠሩበት ትንሽ ቧንቧ ነው፤ ያለ እሱ ፓምፑ ያለ የሌለ ኃይሉን ይለቅና ሳጥኑ ውስጥ ማዕበል ይነሳል። ሁለተኛው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ነው። ፓምፑ ከውሃው ወለል በታች ከተቀመጠ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ሊገባ፣ ከዚያም ወለል ላይ ሊፈስ ይችላል። ይህን የምታህል ትንሽ ፕላስቲክ አብሮ አለማሸግ ንፉግነት ነው፤ ከሳጥኑ ላይ አንድ ነጥብ የቀነስኩት በዚህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ድምፁስ? አረፋው ቱቦው አፍ ላይ ሲፈነዳ ይንቦጨቦጫል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ቧንቧ የሚያፈስ መስሏት ተነስታ ማድ ቤት ሄዳ ታይ ነበር። አየሩ ሲቀነስ ድምፁም ይቀንሳል፤ ቢሆንም መኝታ ቤት ውስጥ አላስገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኮሪዶራስ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው፤ በጢሙ አሸዋ እየዳሰሰ የሚበላ፣ ጎኑ በጥሩር የተሸፈነ ትንሽ የአምባዛ ዘመድ። እኔ ያሉኝ ነሐስማዎቹ ናቸው፤ ዓሣ ሻጮች ዛሬም ኮሪዶራስ ኤኒየስ ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ሰፊውን የኮሪዶራስ ወገን ከፋፍሎ እነዚህን ኦስቲዮጋስተር ኤኒያ ስላላቸው፣ አዲሱን ስም የለጠፈ ሻጭ ብታገኙ አትደናገሩ፤ ዓሣው ያው ዓሣ ነው።

እንቁላል እንዲጥሉ ማድረጉ እንደሚፈራው አይደለም። በደንብ ከተመገቡ፣ በተለይ በሕይወት ባለ ምግብና ፍሪዘር ውስጥ በቆየ ትል ሆዳቸው ከሞላ፣ ከዚያም ሰፋ ያለ የውሃ ለውጥ አድርጋችሁ ጥቂት ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ከጨመራችሁላቸው፣ ዝናብ የመጣ ይመስላቸዋል። ወንዶቹ ሴቷን ያባርራሉ፤ ኋላ ላይ ሴቷ አፏን ከወንዱ ሆድ ጋር አጣብቃ ሁለቱ «ቲ» ፊደል ሠርተው ይቆማሉ። ሴቷ ዘሩን ትጠጣዋለች። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓን ተመራማሪዎች በዚሁ በነሐስማው ዓሣ ላይ አጥንተው እንዳሳዩት፣ የጠጣችው ዘር በአንጀቷ በፍጥነት አልፎ በሆድ ክንፎቿ መሃል የያዘቻቸውን እንቁላሎች ያዳብራል። ከዚያ መስታወቱን በአፏ ጠርጋ እንቁላሎቹን ትለጥፋለች፤ ጥቂት ጥቂት እያለች ለሰዓታት። አብዛኛውን ጊዜ የፊልተሩ ውሃ የሚወርድበትን የመስታወት ከፍታ ትመርጣለች።

ለጥፋ ስትጨርስ ምን ታደርጋለች ብትሉ፣ ዞራ ትበላዋለች። ባሏም ይበላል። ጎረቤቶቹ፣ ቴትራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦችማ፣ ከመጀመሪያውም ሲጠብቁ ነው የቆዩት። ሳጥኑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንቁላሉን ከመስታወቱ ለማንሳት አትቸኩሉ። እንደተለጠፈ ለስላሳ ስለሆነ ይፈርጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ቆዳው ሲጠነክር በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ማንከባለል ይቻላል፤ ጣት ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ሰው አሮጌ የባንክ ካርድ ይጠቀማል፤ እኔ ጣቴን አምናለሁ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ የጣቴ ጫፍ ከዓይኔ ይልቅ ያያል።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ራሱ ይሠራል፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬን አልቆጥብም። የኮሪዶራስ እንቁላል ትልቁ ጠላቱ ፈንገስ ነው። ያልዳበረው እንቁላል ይነጣል፣ ጥጥ መሳይ ጸጉር ያወጣል፣ ጸጉሩም አጠገቡ ያለውን ደህናውን ይይዛል። መድኃኒቱ የሚንቀሳቀስ ውሃና የሰው እጅ ነው። ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ወለሉ ላይ ስለሚሄድ፣ እንቁላሎቹን ውሃው የሚወርድበት ጫፍ አጠገብ ነጣጥሎ መበተን ነው፤ ግን በቀጥታ ከሥሩ አይደለም፤ እየተንከባለሉ አንድ ጥግ ይከማቻሉና። ሳጥኑ ግልጽ በመሆኑ በባትሪ መብራት ከጎን ሲበራ የነጣው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል። የዳበረው ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ሻይማ ቀለም ይይዛል፤ ሊፈለፈል ሲል ሁለት ነጥብ ዓይኖች ይታያሉ። የነጣውን በሲሪንጅ እመጥጣለሁ፤ አንዳንዴም ሁለት ቀይ የቼሪ ሽሪምፕ፣ የሸርጣን ዘመድ የሆኑ ትንንሽ የውሃ እንስሳት፣ አብሬ አስገባለሁ። ሽሪምፖቹ የተበላሸውን ይለቅማሉ፣ ደህናውን ያጸዱታል እንጂ አይነኩትም፤ ቢያንስ የኔዎቹ አልነኩም።

ስለ ሜቲሊን ብሉ፣ ስለ ሰማያዊው የፈንገስ መድኃኒት፣ የምትጠይቁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ለፈንገስ ጥሩ ነው፤ ሳጥኑ ሥራ ላይ እያለ ግን አይሆንም። ሳጥን ውስጥ የጨመራችሁት ጠብታ በስንጥቁ አልፎ ዋናው አኳሪየም ውስጥ ይገባል፤ የመስታወቱን ማጣበቂያ ሰማያዊ ያደርጋል፣ የፊልተሩን ባክቴሪያም ይጎዳል። የውሃውን ዝውውር ዘግቼ፣ አየሩን በደቃቅ አረፋ የሚበትነውን የአየር ድንጋይ ብቻ አስገብቼ ልጠቀም ያለ ደግሞ ሙቀቱን ያጣል፤ ሳጥኑ የተንጠለጠለው በውጭ ነውና ዝውውሩ ሲቆም ውሃው ወደ ክፍሉ ሙቀት ይወርዳል። መድኃኒት የሚሻ ሰው እንቁላሉን በሌላ ዕቃ ያስቀምጥ። እኔ ካታፓ በሚባል ዛፍ የደረቀ ቅጠል ቁራጭ ረክቻለሁ፤ ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል፣ ፈንገሱንም ያዘገየዋል።

ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን እንቁላሉ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። እንግዲህ የሳጥኑ ሁለተኛ ጉድለት የሚገለጠው በዚህ ሰዓት ነው።

ስንጥቆቹ ሰፋ ያሉ ናቸው። የመርፌ ልክ አስገብቼ ለክቻቸዋለሁ፤ ከአንድ ሚሊሜትር ያልፋሉ። ጉፒ ለሚባለው ትንሽ ዓሣ ጫጩት ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ጉፒ ሲወለድ ተሟልቶ ነው። የኮሪዶራስ ጫጩት ግን እንደተፈለፈለ ክር የምታክል ናት፤ ሆዷ ሥር የአስኳል ከረጢት አለ፣ የቀረው ጭራ ነው። ከረጢቱ ሲያልቅ ያን ስንጥቅ እንደ በር ትጠቀምበታለች። ወዲያ ማዶ ደግሞ የሚጠብቃት ማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ዕቃው ለኮሪዶራስ ነው ብሎ የሸጠ ሰው የኮሪዶራስ ጫጩት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አምራቹ ሊያስብበት የሚገባውን እኛ እንጨርሳለን። ከአሮጌ ስቶኪንግ የቆረጥኩትን ጨርቅ በስንጥቁ ልክ ሰፍቼ እንደ እጅጌ አልብሼዋለሁ። ኦርጋንዛም ይሆናል፤ ቱል ግን ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ አይሆንም። ቀለም የሚለቅ ጨርቅ እንዳታስገቡ። መስፋት የማይችል ሰው ሸካራ የፊልተር ስፖንጅ ቆርጦ ይወትፍ። በሁለቱም ግን ዋጋ ይከፈላል፤ ጨርቁ በምግብ ትርፍራፊ ይደፈናል፣ ሲደፈን ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፣ ከጠርዙ በላይ ካለፈ ጫጩቱንም ይዞ ይፈሳል። ስለዚህ በየቀኑ አውጥቶ ማጠብ ግዴታ ነው። እኔ ሁለት ሰፍቼ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይገባል።

ምግብ። የአስኳል ከረጢቱ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ያኖራቸዋል፤ ከረጢቱ ሳያልቅ ምግብ መጨመር ውሃ ማቆሸሽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምሰጠው ማይክሮዎርምና አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨው ውሃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሳይ) ነው። ማይክሮዎርም በአጃ ዱቄት ገንፎ ላይ የሚረባ ቀጭን ትል ነው፤ ሲቆይ ይሸታል፤ ባለቤቴ መያዣውን ከማድ ቤት አባርራዋለች። ለኮሪዶራስ የሚመቸው ወደ ታች ስለሚሰምጥ ነው፤ ጫጩቶቹም የሚበሉት ወለል ላይ ነው። አርቴሚያው በጨው ውሃ ውስጥ፣ በሊትር 30 ግራም ገደማ ጨው ተደርጎ፣ ሞቅ ባለ ቦታ በአየር ሲናጥ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ከጨዉ ታጥቦ ነው የሚሰጠው። እርሱን የበላች ጫጩት ሆዷ ብርቱካናማ ስለሚሆን መብላቷን በዓይን ታያላችሁ። ከዚህ የሚያስደስት ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ የለም።

ነገር ግን ሳጥኑ አርቴሚያን አይወድም። አርቴሚያ ብርሃን እየተከተለ ይዋኛል፤ የሚፈሰው ውሃ በጨርቁም ቢሆን ያልፈዋል፤ ግማሹ ቀለብ ለትልልቆቹ ይደርሳል። ስለዚህ ስታበሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል አየሩን ዝጉት። መልሶ መክፈቱ በሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ቢሆን ይሻላል፤ የሰው ትዝታ አይታመንም። አየሩ በተዘጋ ጊዜ ቴርሞሜትሬ ዝቅ ሲል አይቼዋለሁ፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ጊዜውን አሳጥሩ።

እዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ የሚስተካከል ነው። የማይስተካከለው የወለሉ ስፋት ነው። ሻጮች ሳጥኑን በሊትር ይለካሉ፤ ኮሪዶራስ ግን ሊትር አይኖርበትም። ጫጩቱ ከውሃው ከፍታ የሚጠቀመው ነገር የለም፤ በሆዱ ተኝቶ፣ በጢሙ ዳስሶ፣ ወለል ላይ ይኖራል። የሳጥኑን ወለል ሁለት መዳፎቼ ጎን ለጎን ቢዘረጉ ይሸፍኑታል። በዚያች ቦታ ላይ ጫጩቱ፣ የጫጩቱ ኩስ፣ የሞተው ትልና ያልተበላው አርቴሚያ አብረው ይተኛሉ። ውሃውን ብትመረምሩት ንጹሕ ነው፤ ከዋናው የመጣ ነዋ! ወለሉን በጣት ብትነኩት ግን ያሟልጫል። ያ ሙልጭልጭ ነገር ባክቴሪያ ነው፤ የጫጩቶቹ ሆድና ጢም ቀን ከሌሊት የሚነካው እርሱን ነው። በምግብ እጥረት ሞቱ ከሚባሉት ጫጩቶች ብዙዎቹን የገደለው ይህ ይመስለኛል። ጢሙ ይሸረፋል፣ ክንፉ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጥቂት እያሉ ይጎድላሉ።

ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ጫጩት ያለው ሰው በቀን ሁለቴ ወለል ይጠርጋል። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ አለችኝ፤ በእሷ ወለሉን አሽቼ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን የአየር ቱቦ በሰካሁበት ትልቅ ሲሪንጅ ቆሻሻውን እመጥጣለሁ፤ የመጠጥኩትን መጀመሪያ ነጭ ሳህን ላይ አፈሳለሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ጫጩት አብሮ ይመጣልና። የሳጥኑ አራቱ ጥጎች ቀጥ ያለ ማዕዘን ናቸው፤ ብሩሹ አይገባም፣ ቆሻሻው የሚደበቀው እዚያው ነው። አምራቹ ጥጎቹን ቢያጎብጣቸው ኖሮ ይህ ግምገማ በግማሽ ባጠረ ነበር። ወለሉም ግልጽ ስለሆነ ጫጩቱም ቆሻሻውም አይለይም፤ ከሥር ጥቁር ወረቀት ለጥፉበት፣ ያኔ ሁሉም ይታያል። ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ይረዳሉ፤ የተረፈውን ምግብ ይበላሉ፤ እኔ ግን ከተፈለፈሉ በኋላ እንጂ እንቁላሉ ሳለ አላስገባቸውም።

በዚህ ሁሉ ድካም እንኳ ሁለት ሳምንት ያህል ነው ጥሩ የሚሄደው። ከዚያ ወዲያ እያደጉ፣ ቀለቡም እየጨመረ ሲመጣ የወለሉ ነገር ከብሩሽ አቅም በላይ ይሆናል። እኔ በዚህ ሰዓት 40 ሊትር ወደሚይዝ፣ ስስ አሸዋ ወዳለበት፣ በስፖንጅ ፊልተር ወደሚሠራ አኳሪየም አዛውራቸዋለሁ። ስፖንጁ አስቀድሞ በዋናው አኳሪየም ውስጥ ቆይቶ ባክቴሪያ የያዘ መሆን አለበት፤ ጫጩቶቹም ስፖንጁ ላይ የተያዘውን ይለቅማሉ። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ሳጥን ውስጥ ጥግ ይዘው የነበሩት እዚያ ሲደርሱ ተበታትነው አሸዋ መቆፈር ይጀምራሉ፣ እድገታቸውም ይፈጥናል። ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ሲሞላቸው ከትልልቆቹ ጋር መቀላቀል ይችላሉ፤ ያኔ ማንም አይውጣቸውም።

ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ወደ 40 ሊትሩ አላስገባቸውም? ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ግን አዲስ የተፈለፈለች ክር የምታክል ጫጩት ሰፊ ወለል ላይ ምግብ ፍለጋ ትደክማለች፤ እናንተም አታዩዋትም። ሳጥኑ ውስጥ ምግቡ አፍንጫዋ ሥር ነው፤ የበላችውና ያልበላችው ትለያለች። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሳጥኑ የምሰጠው።

በመረብ የተሠራውን፣ አኳሪየሙ ውስጥ የሚንጠለጠለውን ማራቢያም ሞክሬዋለሁ። ለኮሪዶራስ አይረባም። መረቡ በምግብ ይደፈናል፣ ወለሉ ስለሚረግብ ጫጩቱ እጥፋቱ ውስጥ ይያዛል፣ ትልልቆቹ ዓሦችም ከሥር ሆነው በመረቡ በኩል ይመጥጡታል። ሳጥኑ ውጭ መሆኑ ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ ምንም ዓሣ አይደርስበትም፣ አኳሪየሙም ውስጥ ቦታ አይወስድም።

ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው መከፋፈያ ለኮሪዶራስ ምንም አይሠራም፤ ያንኑ ትንሽ ወለል ለሁለት ከመቁረጥ በስተቀር። ካርቶኑ ውስጥ ተዉት። ሦስት መጠን ካለው ትልቁን ግዙ፤ በትንሹ ውስጥ እንቁላል ይፈለፈላል፣ ጫጩቱን ግን ወዲያው ማዛወር ይኖርባችኋል።

የፓንዳም ሆነ የሌሎቹ ኮሪዶራሶች እንቁላል በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የድንክዬዎቹ፣ የፒግሚየስ ዓይነቶቹ ግን ጫጩታቸው ከነሐስማውም ያነሰ ነው፤ ለነዚያ ስቶኪንጉ ብቻውን ስለማያስተማምን ስፖንጅ ደርቡበት።

ከመግዛታችሁ በፊት የአኳሪየማችሁን ጠርዝ ለኩ። የኔ ሳጥን መንጠቆ የተሠራው ለስስ መስታወት ነው፤ ጠርዙ በፕላስቲክ የተከፈፈ አኳሪየም ላይ ዘምሞ ይቀመጣል፣ ሲዘም ደግሞ ውሃው በስንጥቁ በኩል ሳይሆን በጎን ይወጣል። በመስታወት ክዳን የሚዘጋ አኳሪየም ያለው ሰውም ክዳኑ ሳጥኑ በሚንጠለጠልበት በኩል ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ትልልቆቹ ኮሪዶራሶች አየር ለመጎረስ ወደ ላይ ሲተኮሱ በዚያች ክፍተት ሊዘሉ ስለሚችሉ፣ የተረፈውን ቦታ በስፖንጅ ቁራጭ ድፈኑት።